ጀርባዋ ለተመለጠ ዶሮ ሽርጥ አሰፋፍ

ባለፈው ዓመት የዋጋ ጭማሪው ሳይመጣ ብለን ለፋሲካ የሚሆን አውራ ዶሮ ከበዓሉ አንድ ወር ቀድመን ገዛን። ትልቅ፣ ቀይ፣ ኮራ ያለ ነበር። ጓሯችን ውስጥ አምስት ሴት ዶሮዎች ነበሩን፤ እሱ ግን ከአምስቱ አንዷን መረጠ። መቼም ገራሟን ነው የመረጠው፤ ሌሎቹ ሲያዩት ይበራሉ፣ እሷ ዝቅ ብላ ትጠብቀዋለች። በዓሉ ሲደርስ ከአንገቷ ሥር እስከ ጭራዋ ድረስ በቁሟ ለወጥ የተነጨች ትመስል ነበር። አውራው ድስት ገባ፣ መላጣው ጀርባ ግን ቀረ። የአዲስ አበባ የቀን ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ የሌሊቱ ብርድ ይጋረፈዋል፣ ጓደኞቿ ደግሞ ቀላ ያለ ቆዳ ባዩ ቁጥር ጠጋ ብለው ይነቁሩታል።

ያኔ ነው ከአሮጌ ጂንስ የጀርባ መሸፈኛ የሰፋሁላት። ምን ብዬ እንደምጠራው ተቸግሬ ነበር። ቅርጹ የበቅሎ ግላስ ይመስላል። ኮርቻ እንዳልለው ደግሞ ለአውራው ተደላድሎ እንዲቀመጥ የፈቀድኩለት መሰለኝ። ቤት ውስጥ ‹ሽርጥ› ብለነው ቀረ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻትና «እንግዲህ ጫማ ነው የቀራት፣ እሱንም ግዢላት!» አለችኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለራሷ ዶሮ ልክ ለማስለካት ስትመጣ ስለ ጫማው አላነሳንም።

መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት

ሽርጥ የሚጠቅመው ላባዋ በአውራ ዶሮ ለረገፈባት ዶሮ ነው። አውራው ሲሰርራት ማጅራቷን በመንቆሩ ይዞ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ጀርባዋን በጥፍሮቹ ይቧጥጣል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚታይባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ማጅራት፣ ጀርባ፣ የሁለቱ ክንፎች መነሻ። በእነዚህ ቦታዎች ላይ የተሰበረ የላባ አገዳ ቆሞ ካያችሁ ተጠያቂው እሱ ነው።

ሌላ ቦታ ላይ ከሆነ ቆም በሉ። ጡቷና ሆዷ ላይ ብቻ የተመለጠች ዶሮ ምናልባት ልትታቀፍ ፈልጋ ራሷ ነቅላው ይሆናል። ጭራዋ ሥርና መቀመጫዋ አካባቢ ከሆነ ሌሎቹ ዶሮዎች እየነቀሯት ነው፤ ቦታ ጠቧቸዋል ወይም ምግባቸው ጎድሏል። ከአንገቷ ጀምሮ በየቦታው እየረገፈ እሾህ የመሳሰሉ አዳዲስ ቀንበጦች ብቅ ብቅ ካሉ ደግሞ ላባ እየቀየረች ነውና ተዉአት። እነዚያ ቀንበጦች ውስጣቸው ደም አለ፤ ሲነኩ ያማሉ፣ ሲሰበሩ ይደማሉ።

ቅማልና ቅንቅንን ማየት ግን አትርሱ። ዶሮዋን አንስታችሁ መቀመጫዋ አካባቢና ክንፏ ሥር ያለውን ላባ ገለጥ ገለጥ አድርጉ። አገዳው ሥር ነጭ የተጠራቀመ ነገር ካለ የቅማል እንቁላል ነው። ቀዩ ቅንቅን የበለጠ ተንኮለኛ ነው፤ ቀን ዶሮዋ ላይ አታገኙትም፣ በቆጡ እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል። ስልካችሁን መብራት አድርጋችሁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ቆጡን ፈትሹ። ተባይ ያለባት ዶሮ ላይ ሽርጥ ማልበስ ለተባዩ ቤት መሥራት ነው። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝላችሁን መድኃኒት ተጠቀሙ፣ ቤቱንም አጽዱ። የምትንከባለልበት ደረቅ አፈርና የተነፋ አመድም አዘጋጁላት።

ቁስል ካለባት እንዲሁ ቅድሚያ ለቁስሉ ነው። 1 ሊትር አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት ውሃ ውስጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ እጠቡት፣ አድርቁት፤ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስም ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩአት። እርጥብ ቁስል ላይ ጨርቅ ከተደረገ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። ክንፍ ሥር ድረስ የተቀደደ ጥልቅ ቁስል ከሆነ የሐኪም ሥራ ነው።

ጨርቁ

እኔ የምወደው የጂንስ ሱሪ ከጉልበት በታች ያለውን ክፍል ነው። ጉልበቱና መቀመጫው ሳስቶ ያልቃል፣ ባቱ ግን ሱሪው እስኪጣል አዲስ እንደሆነ ይቆያል። ከአንድ የአዋቂ ሱሪ አራት ሽርጥ ይወጣል። ካኪም ይሆናል። ለገበር አቡጀዲ ወይም ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ አንሶላ ውሰዱ፤ ቆዳዋን የሚነካው እሱ ስለሆነ ጥጥ ይሁን። ሹራብ ነክ ጨርቅ አትሞክሩ፣ የአውራው ጥፍር ይገባበታል።

ለክረምት ሌላ መላ አለኝ። ጂንስ ውሃ ከጠጣ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ የረጠበ ጨርቅ የተሸከመች ዶሮ ደግሞ ትታመማለች። ስለዚህ ሽቦው የተሰበረ ጃንጥላ ካላችሁ አትጣሉት። የጃንጥላውን ጨርቅ ከላይ፣ ጂንሱን መሐል፣ አቡጀዲውን ከታች አድርጋችሁ በሦስት ድርብ ስፉ። ዝናቡ ተንከባሎ ይወርዳል።

ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ይሁን። ዶሮ ቀለም አጥርታ ታያለች፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አበባ ያለበት ጨርቅ ሌሎቹን ለመንቆር ይጋብዛል። ጌጥ፣ ዶቃ፣ የብረት ቁልፍ ፈጽሞ አይግባበት።

ሌላው የሚያስፈልጋችሁ 2 ሴ.ሜ ወርድ ያለው ጠፍጣፋ ላስቲክ ነው። እንደ ክር የቀጠነው ላስቲክ ቆዳ ይቆርጣል፤ ለምን እንደማውቅ በኋላ እነግራችኋለሁ። ቬልክሮም ሞክሬ ነበር፣ ሻካራው ወገን ላባ እየለቀመ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መያዝ አቆመ። ጠንካራ ክር፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ስፒልና አሮጌ ጋዜጣ ጨምሩ። ስፒሎቹን ሥራ ስትጀምሩም ስትጨርሱም ቁጠሯቸው። መሬት የወደቀ ስፒል ጓሮ ከገባ ዶሮ ትውጠዋለች።

ልክ መውሰድ

ዶሮዋን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡና አንገቷ ከጀርባዋ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ እስከ ጭራዋ መነሻ ለኩ። ከዚያ ላይ 2 ሴ.ሜ ቀንሱ። ጭራዋ ሥር፣ ከላይ በኩል፣ አንዲት ትንሽ የቅባት እጢ አለች። ዶሮዋ መንቆሯን እዚያ እያሻሸች ቅባቱን ላባዋ ላይ ትቀባለች፤ ሽርጡ እሷን መሸፈን የለበትም። ቀጥሎ ወርዱን ለኩ፤ ከአንዱ የታጠፈ ክንፍ የላይኛ ክፍል በጀርባዋ በኩል ዞሮ እስከ ሌላው።

ለሳሶና ለመሳሰሉት ከባድ ዶሮዎች ብዙ ጊዜ 20 ሴ.ሜ ርዝመትና 18 ሴ.ሜ ወርድ ይሆናል። ለሐበሻ ዶሮ 16 በ14 አካባቢ ይበቃል። የራሳችሁን ሳትለኩ ግን አትቁረጡ፤ አንድ ጓሮ ውስጥ ያሉ ሁለት ዶሮዎች እንኳ እኩል አይደሉም።

አሁን ጋዜጣውን ለሁለት እጠፉት። በ20 በ18ቱ ልክ ልንገራችሁ፣ ሌላውን በዚያ መጠን ታመዛዝኑታላችሁ። ከእጥፋቱ ተነሥታችሁ ከላይ፣ በአንገት በኩል፣ 4.5 ሴ.ሜ ምልክት አድርጉ። ወደ ታች 8 ሴ.ሜ ወርዳችሁ ከእጥፋቱ 9 ሴ.ሜ ራቁ፤ ሰፊው ቦታ ይህ ነው። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ እጥፋቱ እየተመለሳችሁ 20ኛው ሴ.ሜ ላይ እንደ ማንኪያ ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ዝጉት። የአንገቱን መስመር መሐሉ ላይ 1.5 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ አጉድጉዱት፣ አለዚያ ስትጭርና ስትለቅም ማጅራቷን ይፈትጋታል። በመጨረሻ ዙሪያውን 1 ሴ.ሜ ለስፌት ጨምሩ።

ጋዜጣውን ቆርጣችሁ ስትዘረጉት ጋሻ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። ጨርቅ ከመንካታችሁ በፊት ዶሮዋ ጀርባ ላይ አኑራችሁ እዩት። ጠርዙ ጭራዋን ከነካ አሳጥሩ፣ ጎኖቹ ከክንፏ ወርደው ከተንጠለጠሉ አጥብቡ። ጋዜጣ መቁረጥ ዋጋ የለውም።

ስፌቱ

ጨርቆቹን መጀመሪያ እጠቡና ተኩሱ። አዲስ አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ሽርጡ ይጨማደዳል። ከዚያ በጋዜጣው ልክ አንድ ጂንስ፣ አንድ አቡጀዲ ቁረጡ።

ላስቲኩን ሁለት ቦታ 17፣ 17 ሴ.ሜ ቁረጡ፤ ለሐበሻ ዶሮ 13 ይበቃል። የሁለቱን ጨርቆች ፊት እርስ በርስ ግጠሙ። የእያንዳንዱን ላስቲክ አንድ ጫፍ በአንገቱ ማዕዘኖች ላይ፣ በሁለቱ ጨርቆች መሐል አስገብታችሁ በስፒል ያዙ። ሌላኛው ጫፍ ለጊዜው በሁለቱ ጨርቆች መሐል ወደ ውስጥ ተኝቶ ይቆይ። ብዙ ሰው ሁለቱንም ጫፍ ባንዴ ሰፍቶ ይገላገላል፣ በኋላ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ሁሉንም ይፈታል። እኔ አንዱን ጫፍ ሁልጊዜ ለልክ አቆየዋለሁ።

ከታች በኩል 6 ሴ.ሜ ክፍት ትታችሁ ዙሪያውን ስፉ። መኪና ከሌላችሁ በእጅም ይሆናል፤ መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ በጠባቡ ስፉ፣ ሰፊ ስፌት የዶሮ ጥፍር ይይዛል። የላስቲኩ ጫፍ የገባበትን ቦታ ሦስት ጊዜ ሂዱበት። ክብ የሆኑትን ጠርዞች በመቀስ ጥርስ ጥርስ አድርጓቸው፣ ስፌቱን ግን እንዳትነኩ። ከዚያ በተዋችሁት ክፍት ገልብጡት፣ ጫፎቹን በእርሳስ ጀርባ ግፉ፣ በካውያ ተኩሱ። ክፍቱን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከጠርዙ 3 ሚ.ሜ ገባ ብላችሁ ዙሪያውን አንድ ጊዜ በላይ በላዩ ስፉት። እንዲሁም በርዝመቱ ሁለት መስመር ጨምሩበት፤ ገበሩና ጂንሱ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል።

አሁን ነጻውን የላስቲክ ጫፍ አምጡ። ከአንገቱ ማዕዘን ጎኑን ይዛችሁ 9 ሴ.ሜ ግድም ወርዳችሁ፣ በገበሩ በኩል፣ ለጊዜው በሰፋ ስፌት ያዙት። ላስቲኩ እንደ ተማሪ ቦርሳ ማንገቻ ቀለበት ሠርቶ መቅረት አለበት። ሌላውንም እንዲሁ።

የተረፈ ክር በሙሉ ከሥሩ ቁረጡ። ይህን ቸል የምትሉ ከሆነ ባትሰፉ ይሻላል። ዶሮ የተንጠለጠለ ክር ትል ይመስላታል፤ ስትውጠው ምላሷ ላይ ይጠመጠማል፣ ሌላው ጫፍ ጨርቁ ላይ ስለታሰረ መዋጥም መትፋትም ያቅታታል።

ማልበስ

ቀን ጓሮ ለጓሮ አታባርሯት። ዶሮ በጨለማ አታይም፤ ከመሸ ቆጥ ላይ ወጥታ ከተኛች በኋላ በሁለት እጃችሁ ክንፎቿን ሰብስባችሁ አንሷት። አንድ ሰው ይያዛት፣ አንዱ ያልብሳት። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ራሷን በቀጭን ነጠላ ጫፍ ሸፈን አድርጉት፣ ፀጥ ትላለች።

ሽርጡን ጀርባዋ ላይ አኑሩ። አንዱን ክንፍ ከትከሻው ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዘርጉት፤ ጫፉን ይዛችሁ እንዳትጎትቱ። ለሕፃን የቦርሳ ማንገቻ እንደምታስገቡት ክንፉን በቀለበቱ አሳልፉት። ላስቲኩ ከክንፉ ፊት ተነሥቶ በብብቷ አልፎ ወደ ጎኗ ይመለሳል። ሌላውን ክንፍ ድገሙ። ከዚያ የማጅራቷን ረጃጅም ላባዎች በጣታችሁ አውጥታችሁ ከሽርጡ ጠርዝ በላይ አልብሷቸው።

ልኩን በጣት እወቁ። አመልካች ጣታችሁ ከላስቲኩ ሥር ሳይታገል መግባት አለበት፤ ሁለት ጣት ጎን ለጎን ገብቶ ቦታ ከተረፈ ሰፍቷል፣ እግሯን ታስገባበታለች። ልኩ ሲገኝ ሽርጡን አውልቃችሁ ለጊዜው የያዛችሁትን ጫፍ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ፣ መሐሉን በመስቀል፣ አጥብቃችሁ ስፉት።

ጠዋት የምታዩት ነገር ያስቃል። ዶሮዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከጀርባዋ ላይ ያለውን ነገር ሸሽታ የምታመልጥ መስሏት በኋልዮሽ ግድግዳ ትገጫለች። ጥቂት ስንዴ በትኑላት፣ በአንድ ቀን ትረሳዋለች። ክንፏ ወደ መሬት ከወረደ፣ ቆጥ መውጣት ካቃታት ወይም አፏን ከፍታ ካለከለከች ግን ልኩ ተሳስቷልና አውልቁላት።

የመጀመሪያው ሽርጤ ላይ የሠራሁትን ልናዘዝ። ቀጭን ላስቲክ ነበር ያለኝ፣ እንዳይወልቅ ብዬ አጥብቄ ሰፋሁት፣ አልብሼአትም አራት ቀን ሳላይ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ስትራመድ ቀኝ ክንፏን ከሰውነቷ አራቅ አድርጋ ስትይዝ አየኋት። ገልጬ ሳይ ላስቲኩ ብብቷን እንደ ምላጭ ቆርጦ ቆዳው ተላጧል፣ ላባው በደረቀ ደም ተጣብቋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ፤ ጀርባዋን አድን ብዬ ብብቷን አቆሰልኩ። ሁለት ሳምንት ያለ ሽርጥ ለብቻዋ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ጣቴን ብብታቸው ውስጥ ሳላስገባ አልተኛም፤ ከለመዱ በኋላ በሳምንት ሁለቴ።

አውራውስ?

ሽርጥ መልበሷ ከአውራው ጋር መገናኘቷን አያስቀርም፤ እንቁላሉም ጫጩት ይሆናል። ነገር ግን አንድ አውራ ለሦስት ሴት ከሆነ ጂንስም አይችለውም። ለአንድ አውራ ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሴት ሲኖር ሸክሙ ይከፋፈላል። ጫጩት የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ አውራ አያስፈልጋችሁም፣ ሴቶቹ ያለ እሱም ይጥላሉ። ልታቆዩት ካሰባችሁ የጥፍሮቹን ሹል ጫፍና ከእግሩ ኋላ የምትወጣውን ቀንድ መሳይ ሹል በሞረድ አለዝቡለት። ጫፍ ጫፏን ብቻ፤ ውስጧ ደም አለ።

ላባው እስኪመለስ

ከሥሩ የተነቀለ ላባ በስድስትና በስምንት ሳምንት ውስጥ ተተክቶ ይሞላል። ተሰብሮ የቀረ ግን ጉቶው ቆዳ ውስጥ ቦታ ስለያዘ ዶሮዋ ላባ እስክትቀይር አይወጣም፤ ይህም ወራት ሊወስድ ይችላል። ጉቶውን ራሳችሁ ለመንቀል አትሞክሩ፣ በጣም ያማል።

ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ከየት አምጥታ ታበቅላለች? የበቆሎ ፕሮቲን ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም፣ የምትጥል ዶሮ ደግሞ ከ16 በላይ ትፈልጋለች። የእንቁላል ጣይ መኖ ከተወደደባችሁ በበቆሎውና በፉርሽካው ላይ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን የኑግ ተረፈ ምርት፣ ጨምሩ። የእኔዋ ፋጉሎ ከጀመረች በኋላ ነው ጀርባዋ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀንበጦች የታዩት። እነሱ ሲወጡ ሽርጡ እንዳይጫናቸው ላላ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አውራ ከሌለ ጭራሹን አውልቁት።

ድሬዳዋን የመሰለ ሞቃት አገር ያላችሁ ያለ ገበር በአንድ ድርብ ካኪ ስፉ፣ እኩለ ቀን ላይም አውልቁላት። ለእያንዳንዷ ዶሮ ሁለት ሽርጥ ይኑራት፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። በየሁለት ሳምንቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስታዛውሩ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉት፤ የቅማል እንቁላል በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ ሊሄድ ይችላል። ስታለብሷት ደግሞ ላስቲኩን ጎትታችሁ ልቀቁት። ተስቦ ካልተመለሰ ስፌቱን ፍቱና በአዲስ ተኩት።